ወደ መስኮት አራት ይሂዱ

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እመት ሜትር» ነው የሚላት። ለስድብ ብለው አይደለም፤ ቢያንስ ፊት ለፊቷ ሲሆኑ አይደለም። ሥራዋ መለካት ነው። የምትለካው ጨርቅ ወይም መሬት ቢሆን ኖሮ ማንም ቅጽል ስም ባላወጣላት፤ እሷ ግን የምትለካው ዘመናዊነት ነው። የአገሪቱ ክልሎች አስተዳደራቸው ምን ያህል እንደ ዘመነ በየዓመቱ እየዞረች ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ነጥብ ትሰጣለች። ነጥብ ላይ ደግሞ እጇ አይፈታም። ከእሷ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ቢሮ ገና አልተወለደም። አንድ የክልል ኃላፊ «ይቺ ሴት ገነት ብትገባ እንኳ፣ በሩ ላይ የአቤቱታ ሳጥን የለም ብላ ነጥብ ትቀንሳለች» ማለቱን ሰምታለች። አልተቀየመችም። የአቤቱታ ሳጥን ግን መኖር አለበት ባይ ናት።

የዘንድሮው ልኬት ከሌላው ጊዜ የከበደ ነበር። ጥፋቱ የዳይሬክተሩ ነው። ከውጭ አገር ጉብኝት ሲመለሱ አንድ ኮትና አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። ኮቱ ጠበባቸውና ለወንድማቸው ሰጡት፤ ሐሳቡን ለክልሎቹ ሰጡ። ሐሳቡ የወረፋ ማሽን ይባላል። ባለጉዳይ ገብቶ ቁልፍ ይጫናል፣ ማሽኑ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይተፋለታል፣ ተራው ሲደርስም በድምፅ ጠርቶ የትኛው መስኮት እንደሚሄድ ይነግረዋል። ዳይሬክተሩ ይህን ያዩ ዕለት ልባቸው እዚያው ቀረ። ከእንግዲህ ማሽኑ የሌለው ቢሮ ዘመናዊ ነኝ እንዳይል፣ ትልቁም ነጥብ ለማሽኑ እንዲሆን አዘዙ። በዚህ ላይ አንድ መስመር ጨመሩበት፤ በልኬቱ መጨረሻ የወጣ ቢሮ ይታጠፋል፣ ሠራተኞቹም ወደ ጎረቤት ክልል ይዛወራሉ።

እመት ሜትርን ያስጨነቃት ይህ መስመር ነው። የሚለኩት ክልሎች አራት ናቸው። አራተኛውና ከሁሉም ትንሹ የተወለደችበት ነው፤ የቢሮው ኃላፊም ታላቅ እህቷ ናት። እህቷ ቤት ደግሞ እግሮቿ አልታዘዝ ያሏት እናታቸው አልጋ ላይ ናት። ቢሮው ቢታጠፍ እህቷ ልትሄድ ነው። እናታቸው እንኳን ወደ ጎረቤት ክልል፣ ከአልጋዋ ወደ መስኮቱ ወንበር መሻገርም ፈተናዋ ነው።

ስለዚህ ጉዞ ከመጀመሯ በፊት ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባች።

«ጌታዬ፣ የአራተኛው ክልል ኃላፊ እህቴ ናት። ሌላ ሰው ይላክ።»

ዳይሬክተሩ ሳቁ። «አንቺ? አንቺ እኮ ለእናትሽም የማትራሪ ሰው ነሽ! ይልቅ ቶሎ ተነሺ።»

ሙገሳ መሆኑ ነው። እሷ ግን እናቷ ትዝ አለቻት።

«የዋናው መሥሪያ ቤት ረድፍስ?» ስትል ጠየቀች። ሠንጠረዡ ላይ ከክልሎቹ በላይ ዋናው መሥሪያ ቤት ራሱ አለ፤ ሙሉ ነጥብ ምን እንደሚመስል ክልሎቹ አይተው እንዲማሩ። ያን ረድፍ በየዓመቱ የሚሞሉት ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ለዚያም ሲሉ ከወንበራቸው ተነሥተው አያውቁም።

«ዘንድሮ ጊዜ የለኝም፤ አንቺው ሙዪው። የታወቀ ነው እኮ» አሉና ስልካቸውን አነሱ።

የእመት ሜትር ጉዞ የራሱ ሕግ አለው። የልኬት ሰነድ ምስጢር ነውና ከሾፌሩ በቀር የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚከፍት የለም፤ የየግቢው ዘበኛ ልፈትሽ ሲል ማኅተም ያለበት ወረቀቷን አፍንጫው ሥር ትዘረጋለች፣ ዘበኛውም ወደ ኋላ ይላል። ደግሞ ከመንገድ እንደ ወረዱ መለካት ዐይን ያሳስታል ትላለች። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ደርሳ ሆቴል ትገባለች፤ ልኬቱ የሚጀመረው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሾፌሩ በዚህ መካከል «መኪናዋን ላሳጥብ» ብሎ ይወጣል። ፀጉሩ የሸበተ፣ ሲነዳ ለራሱ የሚያንጎራጉር፣ ማንንም የማያስቀይም ሰው ነው። መኪና ማጠብ ይወዳል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሾፌር አይታ እንደማታውቅ ሁለት ጊዜ ነግራዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ አቀርቅሮ «ኧረ ምንም አይደል» ብሏታል።

በመጀመሪያው ክልል ነገሩ ሁሉ አማረ። ሰፊ አዳራሽ፣ የተደረደሩ መስኮቶች፣ መግቢያው ላይ ወገቧ ድረስ የሚደርስ ነጭ ማሽን። ቁልፉን ተጫነች፣ ወረቀት ተፋላት፤ ትንሽ ቆይቶ ጉንፋን የያዛት ሴት ድምፅ «ባለተራ፣ ወደ መስኮት አራት ይሂዱ» አለ። ሄደች። ነጥብ ሰጠች። ሙሉ አይደለም፤ ድምፁ አፍንጫው የታፈነ ነው ብላ ትንሽ ቀነሰች።

በሁለተኛው ክልል ያው ነጭ ማሽን፣ ያው የታፈነ አፍንጫ፣ «ባለተራ፣ ወደ መስኮት አራት ይሂዱ»። እዚያ ሕዝቡ በሙሉ አራተኛው መስኮት ላይ ተኮልኩሏል፤ የተቀሩት መስኮቶች ሠራተኞች ጥፍራቸውን ይሞርዳሉ፣ አንዷም ሹራብ ጀምራለች። አራተኛው መስኮት ላይ ያለው ምስኪን ግን ላቡን የሚጠርግበት ጊዜ አጥቷል። «ሌሎቹን ለምን አይጠራም?» ብላ ኃላፊውን ብትጠይቀው «ማሽኑ የሚያውቀውን ያውቃል» አላት። እሷም አሰበችበትና ከአንድ ፋብሪካ የወጣ መሆን አለበት አለች። አንድ ዓይነት ማሽን በሁለት ክልል! ወጥ አሠራር ይሉሃል ይህ ነው። ወጥ አሠራር እንደ እሷ ያለውን ሰው እንደ ጥሩ ሻይ ያረካዋል።

በሦስተኛው ክልል መስኮቶቹ ሦስት ነበሩ። አራተኛው ግድግዳው ላይ ተሥሏል። ፍሬም አለው፣ መስተዋት የሚመስል ሰማያዊ ቀለም አለው፣ ሥሩ ጠረጴዛ ተቀምጦ አንዲት ሠራተኛ ባለጉዳይ ታስተናግዳለች። ጠጋ ብላ ስታየው ቀለሙ እጅጌዋ ላይ ተጣበቀ። ያ ሳያንስ የማሽኑ ጠርዝ ጣቷን ቆረጣት። ሾፌሩ ከየት መጣ ሳይባል ፕላስተር ይዞ ደረሰ። እሷ አንዱን ጣቷ ላይ ለጠፈች፤ ባለጉዳይ እንዳይጎዳ ብላ ሌላውን ማሽኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። እጇ ፊርማ ሳያኖር የሚያልፈው ነገር የለምና ፕላስተሩም ላይ ፈረመች። ሾፌሩ ፊርማዋን ሲያይ ለምን እንደ ሳለ ያን ዕለት አልገባትም።

አራተኛው ክልል ሲደርሱ እህቷ ቤት አላረፈችም። «ሰው ምን ይላል» ብላ ሆቴል ገባች፤ እናቷንም ሳታይ አደረች። ጠዋት ቢሮው ደረሰች። ሁለት ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መስኮት። ከመስኮቱ በላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «መስኮት አራት» ይላል።

እህቷ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቃት ነበር፤ ቀይ ሹራቧን ለብሳ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለቻት ጮክ ብላ ሰው እንዲሰማ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከስተሻል» አለቻት።

«እትዬ፣ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የት አሉ?»

«ሌሎቹ ክልሎች ጋ ናቸዋ» አለች እህቷ፣ ዐይኗን ሳታሽ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሳቃቸውን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። እያንዳንዳቸው የቁጥር ወረቀት ይዘዋል፤ ወረቀቱን ግን የሚያየው የለም። አንድ ሽማግሌ ከውጭ ገቡና «መጨረሻው ማነው?» አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ አባባ።» ከአጠገባቸው የነበረው ሁሉ «ኧረ አንቺ እለፊ፣ አንቺማ እለፊ!» አላት፤ ሴትዮዋ ወደ ፊት ሄደች፣ ሽማግሌውም መጨረሻ ሆነው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑ ያለቀውን ጉዳይ የተናገረው። «ባለተራ፣ ወደ መስኮት አራት ይሂዱ።»

ያው አፍንጫ። እመት ሜትር ፈገግ አለች፤ ወጥ አሠራር እዚህም ደርሷል። ማሽኑን ልትመረምር ጎንበስ ስትል ግን ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ጠርዙ ላይ ፕላስተር አለ፤ ፕላስተሩ ላይ የራሷ ፊርማ አለ።

ፊርማዋን ማንም ሊያስመስለው አይችልም፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ጅራት የእሷ ብቻ ናት። ቀና ብላ እህቷን አየች። እህቷ የጣሪያውን አምፖል ታያለች።

«እትዬ፣ ቢሮሽ እንግባ።»

በሩ ሲዘጋ እህቷ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እመት ሜትር ቆማ ጠበቀች። የሷ ነገር፣ ሳቅም ቢሆን እስኪያልቅ ይለካል።

«ምን እናድርግ?» አለች እህቷ ዐይኗን እየጠረገች። «ማሽን ግዙ አላችሁን፣ በጀት ግን አልጨመራችሁልንም። ለብቻችን ብንሆን የማሽኗን ሽቦ እንኳን አንገዛም። አራታችን ተደዋወልንና አንድ ገዛን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኛ ደግሞ አንዷን ሎሚ ለአራት ያዝናት።»

«መስኮት አራትስ?»

«እሷን ተያት! ድምፁን የሞላችው አንደኛው ክልል መስኮት አራት ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ጉንፋን ይዟት ነበር። ለሙከራ ብላ የራሷን መስኮት ጠራች፤ ከዚያ ወዲህ ማጥፋት የሚያውቅ ጠፋ። የማሽኗን መመሪያ እንዳናነብ ማናችንም የማናውቀው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ማሽኗን ወደ እኛ ከማምጣት እኛ ወደ ማሽኗ ሄድን፤ መስኮት አራት የሌለው አበጀ።»

«እኔን እየቀደመ እንዴት ይደርሳል?»

እህቷ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። ሾፌሩ ጎማ ላይ አጎንብሶ አየሩን በታላቅ ትኩረት ይመረምራል። ጎማው ምንም አልሆነም። እመት ሜትር ጎማውን አየች፣ ሾፌሩን አየች፣ ከዚያ የኋላውን ዕቃ መጫኛ አየች፤ ከንጽሕና ብዛት ያብለጨልጫል።

ማኅተም ያለበት ወረቀቷ! ዘበኛ ሁሉ ወደ ኋላ ያለው ለሰነዱ አልነበረም እንዴ? አገር ለአገር እየዞረች የወረፋ ማሽን ስታመላልስ የኖረችው እሷ ናት፤ አጃቢዋም ራሷ፣ ፈቃድ ሰጪዋም ራሷ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። አምናም ካቻምናም የሰጠቻቸው ነጥቦች ሁሉ በዐይኗ ዞሩባት፤ ስንቱን የሌላ ሰው ወንበር፣ ስንቱን የጎረቤት ኮምፒውተር ለክታ ይሆን?

«እጽፈዋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንቺ ደግሞ ሁለቱንም ነሽ» አለች እህቷ፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም። «ዋሺልኝ አልልሽም። ከመጻፍሽ በፊት ግን እማዬን እያት። ከትናንት ጀምሮ ፀጉሯን አሠርታ በር በር ስታይ ነው የዋለችው።»

እናታቸው ትራስ ተደግፋ ጠበቀቻት። ከስታለች፤ ምላሷ ግን አልከሳም።

«አገሩን ለክተሽ ጨረስሽ?»

«ልጨርስ ነው እማዬ።»

«እኔስ ስንት ወጣሁ?»

«አንቺማ አትለኪም።»

«ለምን? ንገሪኝ፤ የጎደለኝን እንደሆን አውቀዋለሁ፣ እግር ነው። የአቤቱታ ሳጥን ግን አለኝ» አለችና አፏን አሳየቻት።

ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ የምትወጣበት ጊዜ ነው። ዘዴው የታወቀ ነው። ሥሯ የተነጠፈውን አንሶላ እህቷ ባንድ ወገን፣ ጎረቤቷ በሌላው ወገን ይዘው ያነሷታል። ያን ዕለት ጎረቤቷ ስትመጣ እመት ሜትር «ዛሬ እኔ ልያዝ» አለችና ጫፉን ከእጇ ተቀበለች። ሲያነሱ ክብደቱ እስከ ትከሻዋ ተሰማት። እህቷ ይህን ጫፍ በየቀኑ ስትይዝ ነው የኖረችው፤ እሷ በየዓመቱ ለልኬት እየመጣች በማግስቱ ስትሄድ።

«ቀስ!» አለች እናታቸው አየር ላይ ሆና። «ይቺ ሜትር ናት፣ ሸክም አታውቅም።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ሊጥሏትም ነበር። ወንበሩ ላይ ካደላደሏት በኋላ እመት ሜትር ወደ ጓዳ ገብታ ፊቷን ታጠበች። ፈርታ ነበር። እህቷ ከሄደች ያንን ጫፍ የሚይዝ አይኖርም፤ እህቷን የሚያስኬዳት ደግሞ የእሷ እስክሪብቶ ነው። ለአንዴ እንኳ፣ ለአንዲት ነጥብ እንኳ፣ እጇን ብትፈታስ? እጇን አየችው። ጣቷ ላይ ያለው ፕላስተር መልሶ አያት። አልችልም አለች። እንዲያ ያለ እጅ አልተሰጠኝም።

ወደ ዋናው ከተማ ሲመለሱ ሾፌሩ አላንጎራጎረም። ግማሽ መንገድ ላይ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለምነውኝ እምቢ ማለት አቃተኝ» አለ።

«ማሽኑ አሁን የት ነው?»

«ከኋላችን» አለ በቀጭን ድምፅ። «ለአንደኛው ክልል ላደርስ ነበር።»

እመት ሜትር ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች። «ሲነዱ ጉድጓድ ያስተውሉ፤ ዕቃው እንዳይሰበር» አለችው። ሾፌሩ ወዲያው ማንጎራጎር ጀመረ።

ልኬቱን መጻፍ የጀመረችው እውነቱን በመጻፍ ነው። የአራተኛው ክልል ኃላፊ እህቴ ናት፣ ማሽኑን ያመላለሰው የእኔ መኪና ነው ብላ መግቢያው ላይ አሰፈረች። ማሽኑ አንድ፣ ባለቤቶቹ አራት ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክልል ከማሽኑ ነጥብ ሩብ ሰጠች። ቀጥሎ «በቢሮዎች መካከል ያለ ትብብር» የሚል መለኪያ አለ፤ ማንም ነጥብ አግኝቶበት ስለማያውቅ በየዓመቱ ባዶ እያለች ታልፈው ነበር። እጇ ቆመ። በጋራ ገዝተዋል፣ በተራ ተጠቅመዋል፣ አንዱም ለአንዱ ሲል አፉን አልከፈተም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ነጥብ ጻፈች፤ ለአራቱም። ያም ሆኖ ደምራ ስታየው እህቷ ከክልሎቹ መጨረሻ ናት። ድጋሚ ደመረች፤ ያው ነው። 

ያልተሞላ አንድ ረድፍ ግን ቀርቷል። የዋናው መሥሪያ ቤት። የታወቀ ነው ተብላለች፤ የታወቀ ነገር ደግሞ ለመለካት አያስቸግርም። ሕጓን አክብራ ያን ዕለት አልለካችም፤ በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛ በሚገባበት በኋላ በር ሳይሆን ባለጉዳይ በሚገባበት በዋናው በር ገባች። እዚያ በኩል ገብታ አታውቅም። ባለጉዳዩ ደረጃው ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። የወረፋ ማሽን የለም። «መጨረሻው ማነው?» የሚልም የለም፤ የቀደመ በክርኑ ይገባል። የአቤቱታ ሳጥኑ አለ፤ ቁልፉ ከጠፋ መሰንበቱን ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ነገረቻት። ከሌላ ቢሮ ጋር ምን አብራችሁ ሠርታችኋል ብላ ክፍል ለክፍል ብትጠይቅ ሁሉም ወደ ላይኛው ፎቅ ጠቆማት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ስለ እነሱ ነው። ቁጥሮቹን በቦታቸው አኖረች፣ ደመረች፣ ፈረመች። ጅራቷን ሳትረሳ።

ዳይሬክተሩ ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች አዩት፤ ከታች ወደ ላይ አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልኬቱ ነው ጌታዬ።»

«መጨረሻ የወጣነው... እኛ ነን?»

«አዎ። ከአራተኛው ክልልም በታች።»

«መጨረሻ የወጣ ይታጠፋል ያልነውስ?»

«ያሉት እርስዎ ነዎት። ወደ ጎረቤት ክልል ይላል።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ቁናውን በገዛ እጅ አሠርቶ ሲሰፈሩበት ግን ይብስ ያማል።  

«ለእናትሽም አትራሪም ብዬሽ ነበር» አሉ።

«ብለውኛል ጌታዬ። እናቴን ግን አላወቋትም።»

ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ እስክሪብቶአቸውን አነሱና የመታጠፉን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። «ይህ ነገር ጥናት ይፈልጋል። ማንም አይታጠፍም» አሉ። ወረቀቱን ሊመልሱላት ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ... ያ ማሽን አሁን የት ነው ያለው?»

እመት ሜትር ወደ መስኮቱ ሄዳ ግቢውን አየች። ሾፌሩ መኪና እያጠበ ነው።

ጉንፋን የያዛት ሴት ድምፅ በሳምንቱ የዋናውን መሥሪያ ቤት ደረጃ ሞላው። «ባለተራ፣ ወደ መስኮት አራት ይሂዱ።» ከቁጥር በላይ መስኮት ባለበት ሕንፃ ሕዝቡ ሁሉ አራተኛው ላይ ተኮለኮለ፤ ሌሎቹ መስኮቶች ላይም ሹራብ ተጀመረ። እመት ሜትር ሠንጠረዡን አውጥታ በየረድፉ «ሩብ» የሚለውን ሰረዘችና «አንድ አምስተኛ» ብላ አስተካከለችው።

ከሰዓት በኋላ እህቷ ደወለች።

«ስሚ እንጂ፣ ማሽኗ ከእናንተ ዘንድ ሰነበተች አሉ። ሁላችንም እየጠበቅናት ነው። መጨረሻው ማነው?»

ማንም እንደማያያት እያወቀች እመት ሜትር እጇን አወጣች።

«እኛ ነን እትዬ» አለች። «እናንተ ከፊታችን ናችሁ።»

በስልኩ ውስጥ ከወዲያ ማዶ የእናታቸው ድምፅ መጣ፤ ያው ምላሷ ያልከሳው ድምፅ። «ማውራቱን ተይና ነይ፣ አንሶላውን ያዢልኝ!» እህቷም «መጣሁ እማዬ» ስትል ተሰማ። እመት ሜትር ስልኩን ቶሎ አልዘጋችም፤ ጎረቤቷ መጥታ ሌላውን ጫፍ እስክትይዝ፣ እናታቸውም አየር ላይ ሆና «ቀስ!» እስክትል ድረስ አዳመጠች።